«ኒው ሞዴል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ አሮጌ ሪቮልቨር የቀረበ ቅሬታ

ይድረስ ለጦር መሣሪያ መሸጫ ሱቁ ባለቤት
ዳላስ፣ ቴክሳስ

ጉዳዩ፦ የሞዴሉ ዓይነት በተሳሳተ መንገድ ተነግሮኝ ስለገዛሁት ባለ .44 ማግነም ሪቮልቨር

ጤና ይስጥልኝ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሱቅዎ የገዛሁት ሽጉጥ ሲሸጥልኝ የተሰጠኝ ምክር ሰው ሊገድል የሚችል ስለሆነ ነው። ስልክ ደውዬ ነግሬያለሁ። ከቁም ነገር የቆጠረኝ አላገኘሁም። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ ለእርስዎ ለባለቤቱ አቀርባለሁ።

የገዛሁት ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው ያገለገለ ሱፐር ብላክሆክ ነው። አፈሙዙ ሰባት ተኩል ኢንች፣ ክብደቱ ወደ 1.4 ኪሎ። የፈለግኩት ለአደን ነው። አንድ ወዳጄ በምሥራቅ ቴክሳስ መሬት አለው፤ የዱር አሳማ ግጦሹን እየገለበጠ አስቸግሮታል። ጠመንጃ ቤቴ አለ። ቁጥቋጦ ውስጥ ግን ወገብ ላይ የሚታጠቁት ኃይለኛ ሽጉጥ ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት። ሲንግል አክሽን ሪቮልቨር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻው በእጅ የሚሳብ ሽጉጥ፣ ከዚያ በፊት ተኩሼ እንደማላውቅ ለሻጫችሁ በግልጽ ነግሬዋለሁ። «የመጀመሪያዬ ነው፤ ከሀሁ ጀምረህ አስረዳኝ» ነው ያልኩት።

ዳላስ ውስጥ የጦር መሣሪያ ሱቅ ሞልቷል። እኔ ከቤቴ ራቅ ወዳለው የእርስዎ ሱቅ የመጣሁት በአማርኛ ታስረዳላችሁ ስለተባልኩ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛው ብዙ ላይቸግረን ይችላል፤ የመሣሪያ መመሪያ ማንበብ ግን ሌላ ነው። እንደ እኔ ያሉ ብዙ ሰዎች መመሪያውን ትተው እናንተ ያላችሁትን ይዘው ነው የሚሄዱት።

እውነቱን ለመናገር የወረቀቱ ሥራ ላይ ምንም ቅር አላለኝም። መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ፣ ፎርም 4473 ላይ እያንዳንዱን ጥያቄ በትዕግሥት አስረድታችሁኛል። የኤፍቢአይ ማጣሪያውም በአግባቡ ነው የተሠራው። ችግሩ የመጣው ሽጉጡ ከመስታወቱ ውስጥ ከወጣ በኋላ ነው።

ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት «ኒው ሞዴል» ይላል። ደረሰኜም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። ወጣቱ ሻጭ እንዴት እንደሚጎርስ ሊያሳየኝ በቀኝ በኩል ያለችውን የጥይት ማስገቢያ በር ከፈተና ስድስቱ ጥይቶች የሚገቡበትን ሲሊንደር ለማዞር ሞከረ። አልዞር አለው። ደግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለ። ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ግማሽ ድረስ ሳብ ሲያደርገው ሲሊንደሩ ተለቀቀ። «ትንሽ ጠንከር ብሏል ጋሼ፣ ሲለምድ ይላላል» አለኝ።

ጌታዬ፣ ሽጉጡ ጠንክሮ አልነበረም። ማንነቱን እየተናገረ ነበር። ሩገር ከ1973 ጀምሮ ያወጣው ኒው ሞዴል በሩን በመክፈት ብቻ ሲሊንደሩ ለመዞር ይለቀቃል፤ መዶሻውን መንካት አያስፈልግም። ከዚያ በፊት የተሠራው ግን መዶሻው ግማሽ ካልተሳበ አይዞርም። መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ይህን እያየ ማለፍ አልነበረበትም። ሻጫችሁ ግን አለፈውና እንዲህ ብሎ ሸኘኝ፦ «ስድስቱንም ሞልተው ይታጠቁ፤ ኒው ሞዴል ስለሆነ ምንም አይሆኑም።»

እዚህ ላይ ነገሩን ዘርዘር ማድረግ አለብኝ። በአሮጌው ሞዴል መዶሻው ሲወርድ በቀጥታ መርፌው ላይ ያርፋል። መርፌው ደግሞ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የጥይቱ ካፕሱል ላይ ነው። የሲሊንደሩ ስድስቱም ጉድጓድ ጥይት ካለበት፣ መዶሻው ሥር አንድ የጎረሰ ጥይት ሁልጊዜ አለ ማለት ነው። ሽጉጡ ቢወድቅ፣ መዶሻው ከአጥር ብረት ወይም ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ፣ ምላጩን ማንም ሳይነካው ሊተኩስ ይችላል። ወገብ ላይ ሲታጠቁት ደግሞ አፈሙዙ የሚያየው ወደ እግር ነው። ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች አምስት ብቻ ጎርሰው፣ መዶሻውን ባዶው ጉድጓድ ላይ አሳርፈው የሚታጠቁት። ኒው ሞዴሉ ላይ ሩገር በመዶሻውና በመርፌው መካከል ምላጩ ሲሳብ ብቻ ወደ ላይ የምትወጣ ብረት ጨመረ። ምላጩ ካልተሳበ መዶሻው መርፌውን አያገኘውም። ስድስት ጎርሶ መታጠቅ የሚቻለው በዚች ብረት ምክንያት ነው። የእኔ ሽጉጥ ውስጥ ይህች ብረት የለችም።

ይህን ያወቅኩት ከእናንተ ሳይሆን ተኩስ ልለማመድ ከሄድኩበት ቦታ ነው። እዚያ ሰው ወደ እኔ እንዲመጣ ያደረገው ደግሞ ሌላው የሱቃችሁ ምክር ነበር። ሻጫችሁ ከሽጉጡ ጋር ባለ 300 ግሬን የአደን ጥይት ሸጦልኛል። የእርሳሱ ክብደት ወደ 19 ግራም ይሆናል። ለመጀመሪያ ቀን ቀለል ያለ ይኖር እንደሆነ ስጠይቀው «ሁሉም ያው ነው፤ ሽጉጡ ከባድ ስለሆነ ምቱን ይውጠዋል» አለኝ።

አልዋጠውም። የዚህ ሽጉጥ እጀታ እንደ ማረሻ እርፍ ጎበጥ ያለ ነው። ሲተኮስ መዳፍ ውስጥ እየተሽከረከረ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያነሳል። ይህ የተፈጥሮው ነው፤ አጥብቆ የሚይዘውን ያስቸግራል፤ አያያዙን ለለመደ ግን ምቱን ያበርድለታል። ሱፐር ብላክሆክ ላይ ደግሞ ምላጩን የከበበው ብረት ከኋላ አራት ማዕዘን ነው። የመጀመሪያውን ጥይት ስተኩስ ያ ማዕዘን የመሐል ጣቴን አንጓ መታው። ቆዳው ተገሽልጦ ደሙ እጀታው ላይ ወረደ። የብረቱን ሽታና የባሩዱን ጭስ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ እጄ ውስጥ የነበረው የመደንዘዝ ስሜትም ወዲያው አልለቀቀኝም።

ደሙን አይተው የመጡት የቦታው ሠራተኛ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያ የጥይቱን ካርቶን አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሽጉጡን ተቀብለው አራገፉት። ጎኑን ወደ ብርሃን አዙረው ቡሎኖቹን በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። ሦስት ናቸው። አሮጌው ሞዴል የሚታወቀው በእነዚህ ሦስት ቡሎኖች ነው፤ በአዲሱ ላይ በቡሎን ፋንታ የተደፈኑ ሁለት ፒኖች ናቸው ያሉት። መዶሻውን ስበው ውስጡን አሳዩኝ። ያች ብረት የለችም። «ስድስት ጎርሰህ ታጠቅ ያለህ ማን ነው?» አሉኝ። መልሴን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

እሳቸው የ.44 ስፔሻል ጥይት አስመጡልኝ። ከ1907 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፤ ቀለሁ ከማግነሙ አጠር ስለሚል .44 ማግነም ሽጉጥ ውስጥ ይገባል። የተለመደው የማግነም እርሳስ በሰከንድ ወደ 400 ሜትር ሲሄድ የስፔሻሉ ወደ 230 ሜትር ነው። ልዩነቱን እጄ ወዲያው ነገረኝ። አያያዜን አስተካከልኩ፣ መሐል ጣቴን ዝቅ አደረግኩ፣ ዒላማውንም ማግኘት ጀመርኩ። ለጀማሪ እንዲህ ማስጀመር ይቻል ነበር። እንዴት እንደሚጎረስም አሳዩኝ፦ አንድ አስገባ፣ አንዱን ዝለል፣ አራት አስገባ፣ መዶሻውን እስከ መጨረሻው ሳብና ቀስ ብለህ አውርደው። ያኔ መዶሻው ባዶው ጉድጓድ ላይ ያርፋል። ሻጫችሁ ይህን ሊነግረኝ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

በሳምንቱ ከልጄ ጋር ወደ ወዳጄ መሬት ለመሄድ ቀጠሮ ነበረን። ልጄ ከጎኔ ሆኖ፣ እኔ ስድስት የጎረሰ ሽጉጥ ታጥቄ የሽቦ አጥር እየዘለልኩ። ይህን ሳስብ አሁንም ያንቀጠቅጠኛል።

ስልክ ስደውልላችሁ ያገኘሁት መልስ ደግሞ ከሽጉጡ ይብሳል። ሻጩ መጀመሪያ «መዶሻውን ትንሽ ሳብ አድርገው ካስቀመጡት ችግር የለውም» አለኝ። ያኔ መዶሻውን የሚይዘው ትንሽ እርከን በኃይል ሲመታ ሊሰበር ይችላል፤ ባዶ ጉድጓድን አይተካም። ቀጥሎ «ጋሼ፣ ባሩድ ፈሩ እንዴ?» አለኝ። እኔ ምንሽር ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ቤት ነው ያደግኩት። አባቴ ጥይቱን ሳያወጣ ጠመንጃውን ይዞ ደጃፍ አልፎ አያውቅም። እኛ ዘንድ ይህ ጥንቃቄ ፍርሃት ተብሎ አያውቅም። በመጨረሻ ደግሞ ሽጉጡን «ለማስተካከል» 150 ዶላር እንደምከፍል ተነገረኝ።

ሩገር ራሱ ከ1982 ጀምሮ ለእነዚህ አሮጌ ሞዴሎች የደህንነት ብረቷን በነፃ ይገጥማል። የወጡትን የድሮ ዕቃዎችም ለባለቤቱ መልሶ ይሰጣል። በነፃ የሚሠራውን ሥራ፣ ያውም በእናንተ ስህተት የመጣውን፣ በ150 ዶላር ልታስከፍሉኝ መሞከራችሁን ምን ብዬ ልጥራው? አምራቹ በሚያውቀው መሣሪያ ላይ ሌላ ሰው እንዲነካካውም አልፈልግም።

አሮጌው ሞዴል መጥፎ ሽጉጥ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ነው፤ መዶሻው ሲሳብ ያለው ልስላሴ ደስ ይላል። ምንነቱ ተነግሮኝ ቢሆን ምናልባት ራሱን እገዛው ነበር። ገንዘቤን የከፈልኩት ግን ለሽጉጡ ብቻ አልነበረም፤ ሻጩ ስለ ሽጉጡ ለሚነግረኝ እውነትም ጭምር ነው።

ስለዚህ ከእርስዎ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ወይ ሽጉጡን ተቀብላችሁ ሙሉ ገንዘቤን መልሱ፤ ወይ ደግሞ በእናንተ ወጪ ወደ ሩገር ፋብሪካ ልካችሁ ብረቷ ተገጥማ፣ የድሮዎቹ ዕቃዎችም አብረው ይመለሱልኝ። በሁለቱም መንገድ ደረሰኙ ላይ ያለው «ኒው ሞዴል» የሚለው በጽሑፍ ይታረም። የቀረውን ባለ 300 ግሬን ጥይትም መልሳችሁ ውሰዱ።

ከእኔ ጉዳይ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። መስታወታችሁ ውስጥ ሌሎች ያገለገሉ ብላክሆኮች አይቻለሁ። ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቡሎኖቻቸውን እዩ። ከዚህ በፊት በዚሁ ስም የሸጣችኋቸው ካሉ መዝገባችሁ ላይ አድራሻቸው አለ፤ ደውላችሁ ንገሯቸው። እስኪጣራ ድረስ አምስት ብቻ እንዲጎርሱ ንገሯቸው። አንዳንዶቹ ሽጉጡን አሁን ወገባቸው ላይ አድርገውት ይሆናል።

የደረሰኙን ቅጂ፣ የሦስቱን ቡሎኖች ፎቶ እና የጣቴን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላገኘሁ ጉዳዩን በሕግ መንገድ እቀጥላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛዎ