ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት እስቲ ቆይ በሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዊንዶውስ 10 ድጋፍ መቆም ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ጉዳዩን ማንሳታችሁ አሪፍ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው አዲስ ከመግዛት ውጪ ምርጫ የለውም የምትል ነገር አለችበት። እሷ ናት ብእር ያስነሳችኝ (ብእር ስል ያው ኪቦርድ ማለቴ ነው)። በዚህ በዶላሩ ዘመን አዲስ ላፕቶፕ ግዙ ብሎ በጋዜጣ መጻፍ ትንሽ አይከብድም? ለማንኛውም ሳትቆጡ አንብቡልኝ።

እኛ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰአት የምንገናኝ ሰዎች ነን። ክበብ እንላለን እንጂ ማህተምም ሊቀመንበርም የለንም፣ ያለን አንድ ቡና ቤት ጥግ ላይ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ሶኬትና አንድ ረጅም ዲቫይደር ነው። ድሮ የምንቀመጠው ዶሮ ማነቂያ በኩል ነበር፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ሄደ እና ወደ ላይ ወጣን። ተማሪ አለ፣ ሂሳብ ሰራተኛ አለ፣ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ ጡረታ የወጡ የመስሪያ ቤት ጸሀፊ እትዬ አሉ። ሁሉም የቤቱን ኮምፒውተር ችግር ይዞ ይመጣል፣ የሚያውቅ ይነግረዋል፣ የማያውቅ ቡናውን እየጠጣ ያያል። ከመሃላችን አንዱ ልጅ ስቲቭ ዎዝኒያክ የአፕልን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ያሳየው እንደኛ አይነት ክበብ ውስጥ ነው፣ ክበቡ በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው የተጀመረው እያለ ይኮራብናል። እኛ ጋራዥ እንኳን የለንም፣ የቡና ቤቱ ባለቤትም ስለ መብራት ሂሳቡ ማጉረምረም ጀምሯል።

እኔ እዚህ ክበብ የገባሁት ተቃጥዬ ነው። የእድራችን ጸሀፊ ነኝ፣ የአራት አመት የመዋጮ ሂሳብ ኤክሴል ላይ ነበረኝ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍብኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ከፍቶ እንኳን በደንብ ሳያየው «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለኝ፣ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። ፋይሌስ ስለው «ዲ ላይ ያለው አይነካም» አለ (ሲ እና ዲ ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች ናቸው፣ ዊንዶውሱ ያለው ሲ ላይ ነው)፣ እኔም እሺ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ለካ ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ነገር በሙሉ ሲ ላይ ነው ያለው! ዶክመንትስም ዳውንሎድስም እንደዛው። ይሄን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? ዲ የሚባለውን ከፍቶ የማያውቅ ሰው «ዲ አይነካም» ሲባል ሁሉ ነገር የሚተርፍለት ይመስለዋል። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ስክሪኑ ላይ ሪሳይክል ቢን ብቻ። የእድሩ ዳኛ ግን ምንም አልደነገጡም፣ «እኔ በደብተር ይዤዋለሁ» አሉኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ ኮምፒውተር የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል።

ስለዚህ ፎርማት የሚለው ቃል ላይ ቂም አለኝ፣ አልደብቅም። ግን ቂም ብቻ አይደለም። ወደኛ ከሚመጣው ችግር አብዛኛው ፎርማት የማይፈልግ ነው። ለምሳሌ ፍላሽ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት (ወደ ፋይል የምትወስድ አቋራጭ ምልክት) ሆነው ታገኙታላችሁ አይደል፣ ሰው ያኔ ፋይሉ የጠፋ ይመስለውና ይቺኑ ሾርትከት ደጋግሞ ይጫናል፣ ባይነካት ነበር የሚሻለው ምክንያቱም ቫይረሱን የምታስነሳው እሷ ናት። ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። የፍላሿ መስኮት ላይ ቪው ከሚለው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ፣ ከዛ ኦፕሽንስ ገብቶ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የምትለዋን ምልክት ማንሳት፣ በቃ እዛው ቁጭ ብለው ይገኛሉ። የራሳችሁን ፋይል ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡና ፍላሿን ያኔ ፎርማት አድርጓት፣ ያኔ አልቃወምም።

ሌላው የሚያስቀኝ የቀን ጉዳይ ነው። አንድ አባታችን የሚሆኑ ሰው ኢንተርኔቱ አልሰራ አለኝ፣ የምከፍተው ገጽ ሁሉ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ነው ይለኛል፣ ጥገና ቤት ዊንዶው ይቀየር አሉኝ ብለው መጡ። ልጆቹ ቫይረስ ሲፈልጉ ጋሼ ዝም ብለው የስክሪኑን ጥግ አዩና ሳቁ። ሰውየው ኮምፒውተሩ «የተሳሳተ» አመት ሲያሳያቸው ወደኛ አቆጣጠር አስተካክለውት ነበር! ኮምፒውተሩ 2017 እ.ኤ.አ. ላይ ነው ያለሁት ብሎ ያምናል፣ ዌብሳይቶቹ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት (ሰርተፍኬት) ደግሞ ከዚያ ብዙ አመት በኋላ የተሰጠ ስለሆነ ገና ያልጀመረ ሰርተፍኬት ነው ብሎ ይጥለዋል። አመቱ ተስተካከለ፣ ችግሩ አለቀ። ሰአቱንም 6:00 ላይ አድርገውት ነበር፣ በኛ ቀን ስድስት ሰአት ስለሆነ ማለት ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ያ ንጋት አስራ ሁለት ሰአት ነው። ግን ሁሌ የሰው ጥፋት አይደለም፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ማዘርቦርዱ (ውስጥ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት፣ የሰአት ሱቅ ሁሉ ትገኛለች፣ ለሷ ብሎ ዊንዶው ማስጫን ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ጽሁፋችሁ ልመለስ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ እሱ ልክ ናችሁ። ግን ያ ቀን ሲያልፍ ኮምፒውተሩ አይዘጋም፣ የደህንነት ማሻሻያው ነው የሚቆመው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል በሉት) ይፈልጋል፣ 8ኛው ትውልድ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሰሩት ያገለገሉ ላፕቶፖች (ብዙዎቻችን ቤት ያሉት እነሱ ናቸው) አያልፉም። ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ የሚቆይ ተጨማሪ የማሻሻያ ምዝገባ ከፍቷል፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን ባካፕ ያደረገ ሰው ሳይከፍል የሚመዘገብበት መንገድ አለው፣ ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት የሚለው ጋ ገብታችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም አለላችሁ። በነጻ ነው፣ 2 ጂቢ ራም ይበቃዋል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። ፍላሽ ላይ ተደርጎ ምንም ሳይጫን መሞከር ይቻላል፣ ካልወደዳችሁት ፍላሿን ነቅላችሁ ወደ ዊንዶውሳችሁ መመለስ ነው። አማርኛም ይጻፍበታል። እርግጥ የሂሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ወይ ልጆቻችሁ የሚጫወቱት ጌም ካለ አይሰራ ይሆናል፣ እሱን ሳላወራ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

እና ዝግታው ላይ ደግሞ ከዊንዶውሱ በላይ ተጠያቂው ሃርድ ዲስኩ ነው። የድሮ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሀን ነው፣ ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ አይነት ዲስክ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። ባለ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ብቻ ቀይረን የሰው ላፕቶፕ ከሞት ሲነሳ አይተናል፣ የድሮውን ዲስክ ዩኤስቢ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጎ እንደ ፍላሽ መጠቀም ነው። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ በርካሽ «2 ቴራ» ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ አለ፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ነው ይላል፣ ውስጡ ግን 32 ጂቢ ሊሆን ይችላል፣ ሞልቶ ሲያልፍ ዝም ብሎ የድሮውን ፋይል ያጠፋዋል። እስኪሞላ ጽፎ መልሶ የሚያነብ በነጻ የሚገኝ መሞከሪያ ፕሮግራም አለ፣ ቅዳሜ ይዛችሁት ኑና እንሞክርላችሁ።

መብራትን ሳላነሳ አላልፍም መቼም። ሰው መብራት ሲሄድ ነው የሚደነግጠው፣ እኛ ግን ጋሼ ያስተማሩን ሲመጣ መፍራት ነው። ሲሄድ ነቅላችሁ፣ ሲመጣ አምፖሉ እስኪረጋጋ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ሳጥን) ያላችሁ ደግሞ ለአመታት ሳይቀየር የቆየ ባትሪ ይዛችሁ ዩፒኤስ አለኝ አትበሉ፣ መብራት ሲጠፋ አንዴ ጮሆ የሚሞት ከሆነ ውስጡ ያለችው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት ያለቀችው፣ እሷ ለብቻዋ ትቀየራለች፣ ሙሉውን ዩፒኤስ አትጣሉ። ላፕቶፔ ቻርጅ ላይ ሲሆን ይነዝረኛል ብላችሁ ለምትፈሩም፣ ብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ ላይ የምትሰማው ቅንጥብ ቅንጥብ የምትል ነገር ብዙ ጊዜ ኧርዝ (ትርፍ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) ስለሌለ ነው፣ ባለ ሶስት እግሩን ቻርጀር በሁለት እግር ማገናኛ ስንሰካው ሶስተኛው እግር ስራ ፈትቶ ይቀራል። የድሮ ቤቶቻችን ብዙዎቹ ግድግዳው ውስጥም ኧርዝ የላቸውም፣ እሱን ኤሌክትሪሺያን ይየው። ጠንከር ብሎ የሚነዝር ከሆነ ግን ቻርጀሩን እንዳትነኩት።

ሙቀት ላይ ደግሞ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን ባህር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው የሚያቀዘቅዘው። በዚህ ላይ የዘንድሮው የግንባታ አቧራ ተጨምሮበት። የአንዷን እህታችንን ላፕቶፕ ስንከፍተው ፋኑ ላይ የተጋገረው ነገር ቆሎ ሊዘራበት ይችል ነበር። ጠርገን ቴርማል ፔስቱን (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ስንቀይርላት መሃል ላይ እየጠፋ ያስቸገራት ነገር ቆመ። አልጋ ላይ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጦ ፊልም ማየትም ቢቀር ጥሩ ነው።

እኛም ሁሌ አይሳካልንም። አንድ የማስተርስ ተማሪ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ፣ ቴሲሱ ውስጡ ነው። ያኔውኑ ማጥፋት ነበረብን። እኛ ግን ልንረዳው ብለን ሁለት ሰአት ሙሉ ደጋግመን አስነሳነው፣ ስካን አደረግነው፣ መጨረሻ ላይ ጭራሽ መታየት አቆመ። እንደዛ የሚጮህ ዲስክ እያንዳንዱ ደቂቃ ይጎዳዋል፣ አሁን እንደዛ አይነት ከመጣ እጃችንን ሰብስበን ወደ ባለሙያ ነው የምንልከው። ልጁ ሁለት ምዕራፍ ኢሜይሉ ውስጥ አግኝቶ ቀሪውን እንደገና ጻፈው። አሁንም ይመጣል፣ ግን ላፕቶፑን አያስነካንም፣ አልፈርድበትም።

የእትዬን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ስራ ላይ በነበሩበት ጊዜ የጻፉትን የቤተሰባቸውን የዘር ሀረግና የአባታቸውን ታሪክ በሲዲ ይዘው መጡ፣ ስንከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ያለ። ቫይረስ በላው ተብለው ሊጥሉት ነበር። ችግሩ ፎንቱ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ መስሪያ ቤት ሲጽፍባቸው የነበሩት የድሮ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ነው የሚበደሩት፣ ስለዚህ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሀ ሁ የነበረው ሁሉ ዝባዝንኬ ሆኖ ይታያል። ፎንቱን አፈላልገን ስንጭነው የአባታቸው ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፣ እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ሞከርንበት፣ የተወሰነውን አበላሸው፣ ስለዚህ ፕሪንት አድርገን እያዩ እንደገና እየጻፉት ነው።

የምትመጡ ካላችሁ ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቡናችሁን ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። አዘጋጆቹ ደግሞ ያችን «አዲስ መግዛት ብቻ» የምትለዋን ነገር በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሏት ደስ ይለናል። እትዬ ገና 40 ገጽ ይቀራቸዋል፣ አማርኛ ቶሎ ቶሎ የሚጽፍ ሰው ካለ ቅዳሜ ስምንት ሰአት ላይ ብቅ ይበል።

የእድር ጸሀፊው
ከአራት ኪሎ