ለልጄ፦ ስለዚያ ዘጠነኛ ክፍል

አባዬ፣

በቴክስት ስጽፍልህ «ኦኬ» ብለህ ስለምታልፈኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ጻፍኩልህ። በአማርኛ ያደረግኩትም ሆን ብዬ ነው። ቀስ ብለህ እንድታነበው።

ከትምህርት ቤትህ የኮሌጅ አማካሪ ቢሮ ከወጣህ ወዲህ ፊትህ ልክ አይደለም። ለእህትህ «ለነዚያ ኮሌጆች ማመልከት ገንዘብ ማቃጠል ነው» ስትላት ሰምቻለሁ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ጆሮዬም ገና አልደከመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓቴ በሙሉ በዚህ ጉዳይ ንባብ አለቀ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ዘጠነኛ ክፍል ጂፒኤህ፣ ማለትም ከ4 የሚሰላው አማካይ ውጤትህ፣ 2.4 ነበር። አስረኛ 3.3። ዘንድሮ አስራ አንደኛ ላይ 3.9 ይዘሃል። ተደምሮ ሲካፈል 3.2 ይመጣል። ያስደነገጠህ ይህ 3.2 ነው። ግን ልብ በል፣ ከሦስቱ ዓመታት በአንዱም 3.2 አምጥተህ አታውቅም። የዛሬውን ልጅ አይገልጸውም፤ የድሮውንም አይገልጸውም።

ማመልከቻህን የሚያነበው ሰው ፊት አማካዩ ብቻ አይደለም የሚቀርበው። ትራንስክሪፕቱ በየዓመቱና በየኮርሱ ተዘርዝሮ ይሄዳል። ለብዙ የግል ኮሌጆች ደግሞ ትምህርት ቤታችሁ ስለራሱ የሚጽፈው መግለጫ አብሮ ይላካል። ኤፒ ከሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች ምን ምን እንደሚሰጥ እዚያ ላይ ይገኛል። ስለዚህ አንባቢው ውጤትህን ብቻ ሳይሆን፣ ከባዱ ኮርስ እያለልህ ወሰድከው ወይስ ሸሸኸው የሚለውንም ያያል።

የኔና ያንተ ጠብ እዚህ ላይ ነው። በሚመጣው ዓመት ኤፒ ፊዚክስን ትተህ ቀለል ያለ ነገር ልትወስድ አስበሃል። የያዝከው ኤ እንዳይበላሽብህ። ይገባኛል፤ ስንት ለፍተህ ያመጣኸው ነው። ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጎበዝ የነበረ ልጅ እንዲህ ቢያደርግ ምናልባት ያልፍለታል። ያንተ ዋና ማስረጃ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ መውጣትህ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ከቀለለብህ ያ ማስረጃ መሃል መንገድ ላይ ይቋረጣል። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። ሲ7 የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ለምን ለምን ክብደት እንደሚሰጡ ራሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። ተማሪ መርጠው ከሚቀበሉት ኮሌጆች አብዛኞቹ የኮርሶቹን ከባድነት ከጂፒኤ እኩል «በጣም አስፈላጊ» ብለው ያስቀምጡታል። እኔን ካላመንከኝ ገብተህ እየው።

ሁሉንም ኤፒ ተሸከም ማለቴ አይደለም። ካልኩለስና ፊዚክስ ይበቃሉ። እንቅልፍ አጥተህ ሲ ብትሰበስብ ለማንም አይጠቅምም።

ጊዜውንም አስብበት። ጓደኞችህ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለውን ቀደም ያለ ማመልከቻ ሊያስገቡ ነው። ያን ቀን ከአንተ የሚታየው እስከ አስራ አንደኛ ክፍል ያለው ነው። በመደበኛው፣ ጃንዋሪ አካባቢ በሚያልቀው ጊዜ ካመለከትክ ግን የአስራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤትህም ይላክልሃል። ላንተ ያ ሴሚስተር ወርቅ ነው። በዚያ ላይ ኧርሊ ዲሲዥን ያስራል። ከተቀበሉህ ትገባለህ፤ ሌላው ጋ ስንት እርዳታ እንደምታገኝ አወዳድረህ አትመርጥም። ቀድመው የሚያመለክቱት በብዛት ያልፋሉ ይባላል፣ እውነትም ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው። ግን ከነሱ ውስጥ ቀድሞ በስፖርት የተመለመለ አለ፣ ወላጁ እዚያ የተማረ አለ። እኛ ከሁለቱም አይደለንም።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ። የካሊፎርኒያ ልጅ መሆንህ እዚህ ላይ ጠቀመህ። የዩሲ፣ ማለትም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ካምፓሶች ጂፒኤ ሲያሰሉ የሚቆጥሩት ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ካለው ክረምት ጀምሮ፣ ከአስራ አንደኛ በኋላ እስካለው ክረምት ድረስ ያለውን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ነጥብ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ያንተ 3.3 እና 3.9 ብቻ ሲካፈል፣ የኤፒው ተጨማሪ ነጥብ ሳይጨመር እንኳ 3.6 አካባቢ ነው። ኮርሶቹን ግን ቢያንስ በሲ ማለፍ ግዴታ ነው። ያ ስፓኒሽ 1 ላይ ያመጣኸው ዲ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ለካ ስፓኒሽ 2ን በደህና ውጤት ስለጨረስክ ይሸፈንልሃል። ቢሆንም ተአምር አትጠብቅ። ዩሲኤልኤ ከመቶ አመልካች አስሩን እንኳ አይቀበልም፤ የሚመልሳቸው ደግሞ አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው።

ከማመልከቻው ጋር ስለምትልከው ጽሑፍ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ረቂቁን ጠረጴዛ ላይ ትተኸው አይቼዋለሁ። አዎ፣ አነበብኩት። ስድስት መቶ ሃምሳ ቃል ነው የሚፈቅዱልህ፣ አንተ ግማሹን ዘጠነኛ ክፍልን ለማስረዳት ጨረስከው። «የስደተኛ ልጅ በመሆኔ» ብለህ ነው የጀመርከው። አባዬ፣ የስደቱ መከራ የኔና የአባትህ ነበር። አንተ እዚሁ ነው የተወለድከው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አልታመምክም፤ ማንም አልሞተብንም፤ ቤትም አልቀየርንም። ጌም ትጫወት ነበር፣ የቤት ሥራ አታስገባም ነበር። በቃ። እውነተኛ ችግር የደረሰበት ልጅ ይጻፈው፤ መጻፍም አለበት። አንተ የሌለህን ሐዘን አትበደር። እነዚያ ሰዎች በየዓመቱ ስንት ሺህ ጽሑፍ ነው የሚያነቡት፤ ያሸታቸዋል።

ማስረዳት ካለብህ «ተጨማሪ መረጃ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። የቤት ሥራ በአግባቡ አልሠራም ነበር፣ አስረኛ ክፍል ላይ እንዲህ እንዲህ አድርጌ ለወጥኩት፣ ውጤቱ ይኸው። ይቅርታ አትለምን፣ አትለማመጥ። ዋናው ጽሑፍ ላይ ግን የአሁኑ ልጅ ይምጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ የሰፈሩን ሰው የተበላሸ ብስክሌት ፈታተህ ስትገጥም የምትሆነውን እኔ አውቃለሁ። እራት ተጠርተህ አትሰማም። ስለሱ አንድም መስመር የለም!

የመምህራን ደብዳቤ ለሚጠይቁት ኮሌጆች የኬሚስትሪ መምህርህን አሁኑኑ፣ ክረምት ሳይገባ ጠይቃቸው። ኤ በቀላሉ የሰጠህን መምህር ተወው። እሳቸው ግን መጀመሪያ ፈተና ላይ ወድቀህ፣ ከክፍል በኋላ እየቀረህ፣ ከዚያ ስትነሳ አይተውሃል። ያንን የሚጽፍ ሌላ ሰው የለህም።

ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በተመለከተ፣ ዩሲዎቹ ጭራሽ አያዩትም። ኤምአይቲ፣ ካልቴክና ሃርቫርድን የመሳሰሉት ግን እንደገና ግዴታ አድርገውታል። ጂፒኤህ ደከም ስላለ ጥሩ ነጥብ ብታመጣ ይደግፍሃል። ካልመጣም የማይጠይቁ ብዙ ናቸው። ከዚህ በላይ አልጨቃጨቅህም።

ዝርዝርህ ላይ ግን እጨቃጨቃለሁ። ስምንት ኮሌጅ ጽፈሃል፣ ስምንቱም ሰማይ ጥግ ናቸው። ከነሱ ሁለት ሦስቱን ብቻ ያዝ። የቀሩትን ቦታዎች ደህና ዕድል ባለህ ኮሌጆች ሙላ፤ ቢቀበሉህ ደስ ብሎህ የምትሄድባቸውን ማለቴ ነው። ለመሙላት ብቻ የተጻፈ ስም አልፈልግም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ያ የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ የሚለውን ቃል ስትሰማም አትኮሳተር። እኛ ሰፈር ሰው በሰርግም በለቅሶም «ልጅሽ የት ገባ?» ነው የሚለው፤ መልሱን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል። ይጠቁር። ሁለት ዓመት በደንብ ተምሮ ወደ ዩሲ ለሚዛወር ልጅ የሚታየው በዋናነት የኮሌጅ ውጤቱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ከነጭራሹ ከጨዋታው ይወጣል። ከዩሲ ካምፓሶች ዴቪስ፣ አርቫይን፣ ሳንታ ባርባራ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ሪቨርሳይድና መርሴድ መስፈርቱን ላሟላ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ቦታ አስቀድመው ዋስትና ይሰጣሉ፤ ለአንዳንድ የትምህርት መስኮች ግን አይሠራም። በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤና ሳን ዲዬጎ ይህ ዋስትና የላቸውም፣ ተዛዋሪ ግን በብዛት ይቀበላሉ። ይህ የሽንፈት መንገድ ነው ብለህ ካሰብክ እንነጋገርበት።

የገንዘቡን ነገር ለኔ ተወው፤ አንድ ነገር ብቻ አግዘኝ። በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የኛ ቤተሰብ ስንት እንደሚከፍል የሚገምት ማስያ አለ። የግብር ወረቀቱን አወጣልሃለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አብረን እንሞላዋለን። የሚለጠፈው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሰማይና ምድር ነው። ዋጋውን አይተህ ከዝርዝሩ የሰረዝከው ካለ መልሰው፣ መጀመሪያ እንየው።

የኮርስ መምረጫው ቅጽ የሚመለሰው አርብ ነው። ፊዚክሱን አትሰርዘው። ልትሰርዘው ከቆረጥክም መጥተህ ምክንያትህን ንገረኝ። ካሳመንከኝ እፈርምልሃለሁ።

እናትህ