ክሩዙ ካለቀ በኋላ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ሊዱዬ፣

ቆዪ። ክሩዙ፣ ያ የካሪቢያን የመርከብ ሽርሽርሽ፣ የፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ሳን ሁዋን ላይ ሲያበቃ በዚያው ቀን ልመለስ ወይስ ጥቂት ልሰንብት ላልሽው መልሴ ይኸው ነው። መርከብ በየደሴቱ ለጥቂት ሰዓት ያወርድሽና መልሶ ይጭንሻል። እኛ የማኅበር ሴቶችም እንዲያ ነው የዞርነው። ስለ ሴንት ቶማስ ደሴት ብትጠይቂኝ ከወርቅ ቤት ሌላ የምነግርሽ የለኝም። ካሪቢያንን አየሁ የምለው ከመርከቡ ወርደን በራሳችን እግር ስንዞር ነው።

ገንዘቡ አያስፈራሽ። ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ዶላሩም ያው ነው፣ የቧንቧው ውኃም ይጠጣል። ቅዳሜና እሁድ ከመርከብ የወረደው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚበር፣ የማክሰኞ ወይም የረቡዕ ትኬት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በዚያ ልዩነት ማደሪያሽን ትደጉሚያለሽ።

ማደሪያውን አሮጌው ከተማ በሚሉት የሳን ሁዋን ጥንታዊ ሰፈር ውስጥ አታድርጊው፣ ይወደዳል። ሳንቱርሴ ወይም ኦሽን ፓርክ ሰፈር አነስ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ፈልጊ። ስትይዢ “ሪዞርት ፊ” የሚሉት ጭማሪ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። መርከቡ በጠዋት ነው የሚያወርድሽ፣ ክፍል የሚሰጡሽ ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣሽን እንዲያስቀምጡልሽ ቀድመሽ ደውይ። የዚያን ቀን በታክሲ ሂጂ። ሻንጣ እየጎተቱ አውቶቡስ መጠበቅ ቁጠባ ሳይሆን ንስሐ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አውቶቡስ ይበቃሻል። ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ነው። ደስ ሲለው ይመጣል፣ እሁድ ደግሞ ባትጠብቂው ይሻላል። ከአሮጌው ከተማ ወደብ ወደ ካታኞ የምትሻገር ጀልባም አለች፣ በሳንቲም ነው የምትጭንሽ። ቱሪስቱ ለባሕር ሽርሽር ስንት ይከፍላል፣ አንቺ ከሥራ ከሚመለሰው ሰው ጋር ተቀምጠሽ የከተማውን ግንብ ከባሕሩ ላይ ታዪዋለሽ።

ስለ ግንቡ ካነሳሁ፣ ኤል ሞሮና ሳን ክሪስቶባል የሚሏቸውን ሁለት የድሮ ምሽጎች እንዳታልፊያቸው። ትኬቱ 10 ዶላር ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁለቱም ያገለግላል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ካለሽ በነጻ ትገቢያለሽ። ስፔኖች ኤል ሞሮን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1539 ነው። በ1625 ሆላንዶች መጥተው ከተማዋን አቃጠሉ፣ ይሄን ምሽግ ግን መያዝ አቃታቸው። ከፊቱ ያለው ሰፊ መስክ ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ካይት፣ ያን በክር የሚበር ወረቀት፣ ያበርራል። እሱ ምንም አያስከፍልም። እኔ እንዲያውም ከግንቡ ይልቅ መስኩን ወድጄዋለሁ። ኮፍያና ውኃ ያዢ፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምግቡ። አሳማ የሌለበት ነገር ማግኘት ሥራ ነው። ሩዝና ቀይ ባቄላ ጾም ይመስልሻል፣ ባቄላው ውስጥ ግን ጃሞን የሚሉትን የአሳማ ሥጋ ይጨምሩበታል። ሞፎንጎ የሚሉት ምግባቸው ያልበሰለ ፕላንቴን፣ ሙዝ የሚመስለው ፍሬ፣ ተጠብሶ፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በእንጨት ሙቀጫ ተወቅጦ ነው የሚሠራው። ሲወቀጥ ሰምቼ ወጥ ቤት ድረስ ሄጄ አይቻለሁ፣ አስተናጋጁ ሳቀብኝ። እሱም ውስጥ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይገባል። “ሲን ሴርዶ” በይ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። በሽሪምፕ ይሠሩልሻል። ረቡዕና ዓርብ ቶስቶኔስ ብዪ፣ ፕላንቴን ተጨፍልቆ በዘይት የተጠበሰ ነው። በአቮካዶ ሲበላ ያጠግባል። ግን በምን ዘይት እንደጠበሱት ጠይቂ፣ በአሳማ ስብ የሚጠብስም አለ። ቁርስሽን ከሱፐርማርኬት ግዢ። አሮጌው ከተማ መሃል፣ ፕላሳ ደ አርማስ ላይ አንድ አለ።

ሳንቱርሴ ካደርሽ ላ ፕላሲታ የሚሉት ገበያ ቅርብሽ ነው። ቀን ፍራፍሬ ይሸጥበታል፣ የሳምንቱ መጨረሻ ምሽት ላይ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ጭፈራ ነው። ጨፍሪ፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። ለአባትሽ ግን አትንገሪው። ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ፣ ስትመለሺም በእግር አይሁን።

የባሕር ዳርቻው ሁሉ የሕዝብ ነው፣ ሆቴል አጥሮ ሊከለክልሽ አይችልም። ኮንዳዶ ላይ ግን ውኃው ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ጎበዝ ዋናተኛም ወስዷል። ያንቺን ዋና ደግሞ አውቀዋለሁ። ኤስካምብሮን ሂጂ፣ ለአሮጌው ከተማም ይቀርባል፣ ድንጋይ ስለሚከልለው ውኃው ረጋ ያለ ነው።

ስትመለሺ፣ ኤርፖርት ላይ የግብርና ሚኒስቴሩ ሰዎች ሻንጣሽን በኤክስሬይ ያዩታል። ወደ ዋናው አሜሪካ የሚሄድ ሻንጣ ሁሉ እዚያ ይፈተሻል፣ ለወረፋው ጊዜ ያዢ። ማንጎ አያሳልፉም፣ የተቆላ ቡና ግን ችግር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ቡናቸውን ክፉኛ አውድማው ነበር፣ ገበሬዎቹ እንደገና ነው የተከሉት። ከተራራው፣ ከያውኮ ወይም ከአድሁንታስ የመጣ መሆኑን ፓኬቱ ላይ አንብቢና አንድ አምጪልኝ። የኛን አያህልም፣ ግን ይጠጣል።

ማንጎውን እዚያው ጨርሺው።

እናትሽ