ለመሥራት ሙሉ ቀን፣ ለመፈተሽ ምንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኮድ ጽፈው የማያውቁ የሠፈር ነዋሪዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዙ መተግበሪያ እንዲሠሩ በአዲስ አበባ በተዘጋጀ የተግባር ሥልጠና ላይ በቅርቡ ተሳትፌ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሠልጣኙ በኢንተርኔት ለብቻው ስለሚከታተለው፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ እየተጠያየቁ መሥራት የራሱ ጥቅም አለውና ሐሳቡን እደግፋለሁ። ቅሬታዬ በሰዓቱ አደላደል ላይ ነው፤ ቀኑ በመሥራትና በማሳየት አልቆ ለመፈተሽ ጊዜ አልተረፈም።

ከሠልጣኞቹ መካከል የአንድ እድር ጸሐፊ የአባላትን መዝገብና ወርኃዊ መዋጮ የሚይዝ መተግበሪያ በአማርኛ አዘዙ፤ ምሳ ሳይደርስም ለዓይን የሚያምር ነገር ቀረበላቸውና አዳራሹ አጨበጨበ። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ወራቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተከፈሉ ስለነበሩ፣ የመስከረምን መዋጮ መስከረም 25 ቀን የከፈለ አባል ገንዘቡ ለኦክቶበር ተቆጥሮበት የሴፕቴምበር ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ የለም ይባላል፤ ቅጹም የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አላሳልፍም ይላል (የአያት ስም ይሁን የአባት፣ ማንም አላወቀም)። ከሁሉም የከፋው፣ በራሱ የይለፍ ቃል የገባ ማንኛውም አባል በድረ ገጹ የአድራሻ መስመር ላይ ያለውን የአባልነት ቁጥር በሌላ ቁጥር ቢተካ የጎረቤቱን ስልክና የቤተሰብ ዝርዝር ያያል።

የመጀመሪያዎቹን ስሕተቶች ለማግኘት ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ እድሩን ማወቅ ይበቃል፣ በዚህም ጸሐፊው ከአሠልጣኞቹ ይልቅ የተሻሉ ፈታሽ ናቸው። የመጨረሻው ግን ካላሳዩት በቀር ማንም ጀማሪ እንዲህ ያለ ቀዳዳ መኖሩን አይጠረጥርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም በሥልጠናው ላይ አልተነሣም። አደጋው ደግሞ በጀማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሬፕሊት የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ያቀረበው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ኮድ ጻፊ ረዳት ምንም ነገር እንዳይለውጥ ታዝዞ ሳለ የአንድ ደንበኛን በሥራ ላይ ያለ የመረጃ ቋት አጥፍቶ፣ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ስለዚህ አዘጋጆቹ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለፍተሻ እንዲሰጡት እጠይቃለሁ። ሠልጣኞች መተግበሪያቸውን ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን ለማበላሸት ይሞክር፤ ሙከራው ሁሉ በእውነተኛ አባላት ሳይሆን በፈጠራ ስሞች ይካሄድ፤ የወረቀቱ መዝገብም ሁለቱ ሂሳቦች ለበርካታ ወራት ተመሳክረው እስኪገጥሙ ድረስ ከጸሐፊው እጅ አይውጣ። መተግበሪያው ከሥልጠናው በኋላ ሲበላሽ ለማን እንደሚደወልም ሰዎች ከመበተናቸው በፊት ይነገራቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ