ቅዳሜ ለሠራተኛ ማኅበራችን ማቋቋሚያ ፊርማ እንገናኝ

ሰላም እህቶችና ወንድሞች፣

የምናጸዳው የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ደሞዝ የሚከፍለን ግን ኤጀንሲው ነው። ጭማሪ ስንጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይመራናል። ጓንት አልቆ ደም የነካው አንሶላ በባዶ እጅ ያነሳንበት ፈረቃ አለ። ይሄ ይበቃል!

ቀጣሪያችን ኤጀንሲው ስለሆነ ማኅበራችንንም የምናቋቁመው እዚያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። እኛ ደግሞ ከዚያ በብዙ እንበልጣለን። የማኅበር አባል መሆን ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆንም አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «ከፈረማችሁ ትባረራላችሁ» የሚሏችሁን አትስሙ። ፍርሃቱ ይገባናል፤ ሁላችንም ልጅ አለን፣ የቤት ኪራይ አለብን።

ቅዳሜ የቀን ፈረቃ እንዳለቀ እንገናኝ። የቅጥር ውላችሁን ኮፒ ያዙ። ሌሊት የምትገቡ፣ ለየክፍላችሁ ተወካይ ቀድማችሁ ንገሩ።