ልጅቷ የአባቷን አኗኗር ትስማ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ሻል አላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቡና ሳታጠጡ እንዳትለቁት።

በስልክ መነጋገር ስንችል ለምን እንደጻፍኩልሽ ትገረሚ ይሆናል። የሟቹ ወንድማችን የጋሼ ነገር ሲነሳ እማዬ ታለቅሳለች፤ እሷ ስታለቅስ አንቺ ስልኩን ትቀበያታለሽ፤ ከዚያ ወሬያችን ስለ ዝክሩ እህልና ስለ ድንኳኑ ኪራይ ይሆንና ያልቃል። እኔ ግን ኅዳር ላይ የሞተበት ሰባተኛ ዓመት ከመድረሱ በፊት የምለምንሽ አንድ ነገር አለ፤ ከሥሩ ጀምሬ ካልነገርኩሽ አይገባሽም።

የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ባቡር ይዤ ጁዲሽየሪ ስኩዌር የሚባል ጣቢያ እወርዳለሁ። ከምድር ሥር ወጥተሽ የምትደርሺው ሰፊ አደባባይ ላይ ነው፤ በግራና በቀኝ ዝቅ ያሉ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ የእምነበረድ ግድግዳዎች አሉ። ሥራ ላይ ሳሉ ለሞቱ የአሜሪካ ፖሊሶች የተሠራ መታሰቢያ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1991 የተመረቀ። ከ24 ሺህ በላይ ስም ተቀርጾበታል፤ ከ1786 ጀምሮ የሞቱት ሁሉ አሉበት፣ በየዓመቱም ይጨመርበታል። ስሞቹ በፊደል ተራም በማዕረግም አልተደረደሩም፤ ተራው ፖሊስ ከትልቁ አለቃ ጎን ነው። በየግድግዳው ጫፍ ከነሐስ የተሠሩ አንበሶች ግልገሎቻቸውን ይጠብቃሉ። የእኛ አገር ሰው አንበሳ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍምና እኔም መጀመሪያ የቆምኩት ለእነሱ ነው።

ባለፈው ግንቦት ግን ቦታው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 ሜይ 15 የሞቱ ፖሊሶች መታሰቢያ እንዲሆን ፈርመው ነበር፤ እስከ ዛሬ በዚያ ሳምንት ከየግዛቱ ባልደረቦችና ቤተሰቦች ይመጣሉ። ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ባለው ባጅ ላይ ጥቁር ጥብጣብ አስረዋል። አንዲት አሮጊት ወረቀት ስሙ ላይ ለጥፈው በእርሳስ ያሹ ነበር፤ ሲያሹት ስሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ እሱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። አንድ ወጣት ፖሊስ ደግሞ ከኪሱ የጻፈውን አውጥቶ ለግድግዳው እያነበበ ሳቀ፤ አዎ ሳቀ፤ ከዚያ ወረቀቱን ከስሙ ሥር አስቀምጦት ሄደ። እንዲህ ያለ ወረቀት፣ ፎቶ፣ አበባ፣ የትከሻ ምልክት ሥሩን ሞልቶት ነበር። ጎንበስ ብዬ ጥቂቶቹን አነበብኩ። ስለ ጥይትና ስለ አደጋ የሚያወራ አላገኘሁም። አብረው ስለበሉት ምሳ፣ ስለ ሌሊት ተራ፣ ጓደኛቸው መኪና ውስጥ ስለሚዘፍነው መጥፎ ዘፈን ነው የጻፉት። ከአንዱ አንበሳ ሥርም ባሏን ያጣች የፖሊስ ሚስት ቃል ተቀርጿል፤ እነዚህን ሰዎች ጀግና ያደረጋቸው አሟሟታቸው ሳይሆን አኗኗራቸው ነው ይላል።

ሥራ ገብቼ ቀኑን ሙሉ ይኸው ቃል ከራሴ አልወጣ አለኝ። ምክንያቱም ከጥቂት ቀናት በፊት ከጋሼ ልጅ ጋር በቪዲዮ አውርተን ነበር። ስለ አባቷ ምን እንደምታውቅ ጠየቅኳት። ሲሞት ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ዘጠኝ ልትሞላ ነው። በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ሐሙስ ቀን እንደነበር፣ የጭነት መኪናው ፍሬን እንደበጠሰ፣ አባቷ ሁለቱን ተማሪዎች ገፍትሮ እንዳወጣቸው፣ ሆስፒታል ሳይደርስ እንዳረፈ። የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ታውቃለች። «ሲስቅስ እንዴት ነበር?» ስላት ግን ዝም አለች። «ምን ይወድ ነበር?» ስላት ዞራ እናቷን አየች። እትዬ፣ ልቤ ተሰበረ። ልጅቷ ከአባቷ ዕድሜ የምታውቀው የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ነው። እኛም ቤት ሰው ሲመጣ የምናወራው እሷኑ ነው።

ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ በቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የተወለደበት ዘመን፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የሠለጠነበት ቦታ፣ ከኮንስታብል እስከ ዋና ሳጅን ያገኘው ማዕረግ፣ ያገባበት ዓመት፣ ከዚያ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ»። ያነበበውን ሰው አልወቅስም፣ ወጉ ነው። ነገር ግን ስሙን ለውጠሽ ብታነቢው ለማንም ይሆናል። የእውነተኛው ጋሼ ወሬ የነበረው ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ንፍሮ ሲታደል፣ ሌሊቱን ካርታ ሲጫወቱ፣ ባልደረቦቹ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲጨምር። ያ ሁሉ ከድንኳኑ ጋር ተነቅሎ ሄደ። እኔ ዘንድ የቀረው የጎረቤታችን እናት ሙሾ ብቻ ነው፤ አንቺ ስልኩን ከፍ አድርገሽ ስላሰማሽኝ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፤

ፊሽካህ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ከምሰሶ፣
ያሻገርከው ሁሉ ወጣልህ ለለቅሶ።

በዚያ ቀን ስንት እንዲህ ያለ ተብሎ ይሆን?

ከግንቦት ወዲህ ሰዎቹን በስልክ ሳፈላልግ ከረምኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት አብራው ትሠራ የነበረችውን ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ያኔ ኮንስታብል ነበረች፣ አሁን ሳጅን ሆናለች። ከሥልጠና ወጥታ የመጀመሪያ ቀን የተመደበችው ሐሙስ ዕለት እዚያው ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ነበር። የሐሙስን ገበያ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ከዴዶና ከሰቃ የመጣው ሰው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ቡና የጫነው መኪና እኩል ሲገባ የቆየ ፖሊስም ግራ ይገባዋል። ሾፌሮቹ «እህት፣ ፀሐይ ሳይመታሽ ቤትሽ ግቢ» እያሉ ሲያላግጡባት ፊሽካው ከአፏ ወደቀ። ጋሼ ማዶ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጧል፣ ያያታል፣ አይመጣም። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ብዬ ነበር» አለችኝ። በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የዘረጋችውን እጅ ንቆ ሊያልፋት ሲል ጋሼ ተነስቶ ከጀርባዋ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። አልተናገረም፣ ፊሽካም አልነፋም። ሾፌሩ እሱን አይቶ ቀጥ ሲል፣ ጋሼ በአገጩ ወደ እሷ አመለከተው። እሷ እስክታሳልፈው ድረስ ያ ሰውዬ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ጋሼም ተመልሶ ሻዩን ጠጣ። ማታ አብረው ሲመለሱ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አላነሳም። «ከዚያን ቀን በኋላ መንገድ ላይ ቆሜ ፈርቼ አላውቅም» አለችኝ። ዛሬ አዲስ ገቢዎቹን የምታለማምደው እሷ ናት፤ እሷም ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች።

ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር እኮ፣ እትዬ። ቤት መጥቶ «ደክሞኛል» ብሎ ጫማውን ማውለቁን ብቻ ነው የምናውቀው።

ፈረንጅ አራዳ የሚሠራውን ባጃጅ ነጂ አንቺ ራስሽ ነሽ ያገናኘሽኝ። ቀብሩ ላይ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ዘመድ መስሎኝ ነበር። «ሦስት ጊዜ ቀጥቶኛል፣ አንድ ቀን አልሰደበኝም» አለኝ። ሦስተኛው ቅጣት ተማሪ ደራርቦ ጭኖ ነው። ጋሼ ልጆቹን አንድ በአንድ አውርዶ ቆጠራቸው፣ ወረቀቱን ጻፈ፣ ከዚያ «የአንተ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው በንዴት መልስ አልሰጠውም። አሁን ከኋላ ከሦስት ሰው በላይ አይጭንም፤ ዝናብ ሆኖ ሰው ቢለምነው እንኳ አይጭንም። ዝናብ ሲጥል ጋሼ እጁን ዝቅ ዝቅ እያደረገ «ሱታ! ሱታ!»፣ በኦሮምኛ ቀስ በሉ፣ ይላቸው እንደነበር ነገረኝ፤ አሁን ነጂዎቹ ቁልቁለት ላይ እርስ በርሳቸው እንዲሁ ይባባላሉ።

መርካቶ ኮረሪማ የሚነግደው አብሮ አደጉ ደግሞ የኳሱን አወራኝ። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲበላ ጋሼ ምን ያህል እንደሚያብድ ታውቂያለሽ፤ ሙሉ የጨዋታ ሰዓት በቃሉ የሚይዝ ሰው ነበር። ከተማው ወጥቶ ሲጨፍር ግን ተራው ነበርና መንገድ ላይ ነበር። ጓደኛው ባንዲራ አልብሶት ፎቶ ሊያነሳው ሲሄድ ጀርባውን ለጭፈራው ሰጥቶ የልጆቹን እግር ሲያይ አገኘው፤ በሞተርና በመኪና መሀል የሚሮጡትን። «ነገ እንጨፍራለን» አለው። በማግስቱ እውነትም ሱቁ ድረስ መጥቶ ብቻውን እስክስታ ወረደ። ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ስልኩ ላይ በሳቅ ፈነዳን። ለጋሼ ሳልስቅ ስንት ዓመቴ!

ሌላም አለ፤ ባጭሩ ልንገርሽ። በረመዳን የሙስሊም ባልደረቦቹን የአመሻሽ ተራ እሱ ይቆምላቸው ነበር፣ ቤታቸው ሄደው እንዲያፈጥሩ። እነሱም በገናና በፋሲካ ይቆሙለት ነበር። የበዓል ቀን ቤት መዋሉን አለቃው የፈቀደለት ይመስለን ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የሰባተኛ ዓመቱ ዕለት ካህናቱ ጸልየው ጠበሉ ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ሰው ቶሎ እንዳይበተን አድርጊ። ባልደረቦቹን፣ የዕድሩን ሰዎች፣ የባጃጅ ነጂዎቹን፣ የሻይ ቤቷን ባለቤት ጥሪያቸው። እያንዳንዱ ስለ ጋሼ የሚያውቀውን ይናገር። የእህታችን ልጅ በስልኩ ይቅረጽ፤ ልጅቷ ደግሞ ደብተር ይዛ ከአጠገቡ ትቀመጥ፣ የቻለችውን በራሷ እጅ ትጻፍ። አንድ ሰው ስለ አደጋው ማውራት ሲጀምር በትሕትና «እሱን እናውቃለን፣ ከዚያ በፊት ያለውን ንገሩን» በዪው። ለምስጋና ብቻም አይሁን። ግትር ነበር፣ ቀጠሮ አያከብርም ነበር፣ የተበደረውን መጽሐፍ አይመልስም ነበር፤ ይጻፍ። ልጅቷ የምትፈልገው አባት ነው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶማ በየቀኑ ታየዋለች።

ከሁሉ በፊት ግን የጋሼን ባለቤት አማክሪያት። ልቧ ካልፈቀደ ይቅር፤ የመጀመሪያው ቃል የእሷ ነው።

ሁለቱን ተማሪዎችም ጥሪያቸው፤ አሁን ትልልቅ ልጆች ሆነዋል። እናታቸው በየዓመቱ ቡና ይዛ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ማንም ፊት ለፊት አቁሞ እንዳያስለቅሳቸው አደራ። «ስለ እናንተ የሞተው» የሚል ንግግር በፊታቸው አይነገር። እነዚያ ልጆች ዕዳ የለባቸውም። መጥተው ይብሉ፣ ይጠጡ፤ እሱ በሕይወት ቢኖር እንደዚያ ነበር የሚፈልገው። የሚናገሩት ካላቸው ደግሞ ሌሎች እንደሚናገሩት ይናገሩ። ትልቁ ልጅ ጋሼ በየጠዋቱ ሲያሻግራቸው በስማቸው ይጠራቸው እንደነበር ነግሮኛል፤ የትምህርት ቤቱን ግማሽ ልጅ በስም ያውቅ ነበር ይላል።

አንቺ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የምታውቂው ነሽ፤ እማዬ ገበያ ስትውል በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው። አልጽፍም፣ እጄ አይጽፍልኝም እንደምትይ ይገባኛል። ለእህታችን ልጅ ንገሪው፣ እሱ ይጻፍልሽ። አዌቱ ወንዝ ሞልቶ ሳለ ጫማው ተወስዶበት በባዶ እግሩ የመጣ ዕለት አባዬን ምን ብሎ እንዳሳቀው እኔ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውስም፤ እሱን አስጽፊልኝ።

የላክሁት ገንዘብ ለዝክሩ ይበቃል ብዬ አስባለሁ፤ ካነሰ ሳታፍሪ ንገሪኝ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ከዚህ በመልእክተኛው ልኬያለሁ፤ የልጅቷ ነው። ሲሞላ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። እኔም ከላይ የጻፍኩልሽን አስፍቼ፣ ስልካቸውን ያልሰጠሽኝን ሁለት የቀድሞ ባልደረቦቹንም ሳገኝ፣ በራሴ እጅ ጽፌ እልካለሁ። አንደኛው ወደ አጋሮ ተዛውሯል ብለሽኝ ነበር፤ ስልኩን ከሳጅኗ ጠይቂልኝ።

እማዬን እግሯን ስመሽልኝ። የዕድሩን ዳኛ፣ የጎረቤታችንን እናት፣ ባለቤቱንና ልጅቷን ሰላም በዪልኝ።

ወንድምሽ