ለመምህርነት ለመመዝገብ 400 ኪሎ ሜትር ለምን?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ዶክትሬቴን ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በሰባት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለረዳት ፕሮፌሰርነት ተወዳድሬያለሁ። ለመወዳደር ሞክሬያለሁ ብል ይሻላል፤ በአራቱ ከመመዝገቢያው መስኮት አላለፍኩም።

ሥራ አለኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን እወዳቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። አብረውኝ የተማሩ፣ እንደኔ ላይ እታች የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሁላችንም የገጠመን አንድ ነገር ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ከግቢው ውጭ ለሚመጣ ሰው በሩ በጣም ጠባብ ነው።

ይህ የሆነው በምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለብዙ ዘመን መምህር ያፈሩት ከውስጥ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪው ጥሩ ነጥብ ያመጣ ልጅ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀጠራል። ለማስተርስ ይላካል፤ ተመልሶ ያስተምራል፤ ደግሞ ለዶክትሬት ይላካል። ሲጨርስ ተመልሶ ሊያገለግል ግዴታ ፈርሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ያኔም፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ዶክትሬት የሚማረው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ሲመረቅ ሥራ አይፈልግም፤ ቦታው ይጠብቀዋል።

አሁን ሌላ ዓይነት ተማሪ መጥቷል። ከኪሱ እየከፈለ የሚማር አለ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከኤንጂኦ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ አለ። አዲስ አበባ ባለው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል በኩል በርቀት የተማረ አለ። ሕንድ ወይም ኖርዌይ ጨርሶ፣ አገሬ ልግባ ብሎ ሻንጣውን ይዞ የተመለሰ አለ። ለእነዚህ ሰዎች የሚጠብቃቸው ቦታ የለም። ቃለ መጠይቅ ላይ ‹‹ስፖንሰርሽ ማን ነበር?›› ተብዬ ተጠይቄ ‹‹ራሴ›› ስል ክፍሉ ለአፍታ ዝም ያለው አይረሳኝም።

ቦታ መጥበቡንም አውቃለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ነው። ማለፊያውን ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) ቢኖርም ተማሪ ሲያንስ መምህር አይቀጠርም። የፈተናው መጥበቅ ያስፈልግ ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ ክፍል ውስጥ የምውል መምህር ነኝ፣ ኩረጃ ምን እንዳደረገን አይቻለሁ። ስለዚህ ለምን ብዙ ቦታ የለም ብዬ አልከራከርም። ያሉት ጥቂት ቦታዎች እንዴት እንደሚሞሉ ግን ሊያሳስበን ይገባል።

አንዱን ቀን ልንገርዎ። ማስታወቂያው የወጣው በጋዜጣ ነው። ‹‹አመልካቾች በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ የትምህርት ማስረጃቸውን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዘው በአካል ቀርበው መመዝገብ ይችላሉ›› ይላል። ዩኒቨርሲቲው ከአዳማ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከርዕሰ መምህሩ የሁለት ቀን ፈቃድ ለምኜ ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ ገባሁ። አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አደርኩ። ጠዋት ግቢው በር ላይ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉንም ማስረጃ እንደገና አባዛሁ፤ ይዤው የመጣሁት ኮፒ ጥቁረቱ ደብዝዟል ተብሎ ነበር።

መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ትሁት ነበር። ዋናውን ከኮፒው እያመሳከረ አንድ በአንድ ገለጠ። የዶክትሬቱን አየ፣ አለፈ። የማስተርሱን አየ፣ አለፈ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ትራንስክሪፕት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እስክሪብቶውን አንስቶ ነጥቡን አከበበው። 2.61። ‹‹ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለሴት 2.75 ነው የሚጠይቀው፣ ለወንድ 3። መመዝገብ አልችልም›› አለኝ። እሱ ላይ ምን እላለሁ? የተሰጠውን መስፈርት ነው ያነበበልኝ። አንገቱን ደፍቶ ወረቀቶቼን በቅደም ተከተል አስተካክሎ መለሰልኝ።

ያንን 2.61 ያመጣሁት በ1990ዎቹ ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አባቴ አረፈ፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የተማርኩትን አላውቀውም። ከዚያ በኋላ ግን ማስተርሴን ክረምት ክረምት ተምሬ በጥሩ ውጤት ጨረስኩ። ለዶክትሬቴ ቆቃ ላይ እምቦጭ አጠናሁ። ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር በጀልባ ወጥቼ፣ እጄን እስከ ክንዴ ውሃ ውስጥ ከትቼ ከነሥሩ ነቅያለሁ። በማዳበሪያ ከረጢት ጭኜ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መዝኛለሁ። ሁለት ዝናብና ሁለት በጋ። ሁለት ጽሑፎች አሳትሜበታለሁ። ይህ አረም ጣናንም ዝዋይንም እያስጨነቀ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መምህር የሚፈለገው እንዲህ ያለ ሥራ መስሎኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ግን ጽሑፌን የሚቀበል ሰው እንኳ አልነበረም፤ ማስታወቂያው አልጠየቀውማ።

ነጥብ የ22 ዓመት ልጅን ለመቅጠር ይጠቅማል። ልጁ ሌላ የሚያሳየው ነገር ገና የለውም። ረዳት ምሩቅ ሲቀጠር ነጥብ ቢታይ ትክክል ነው። ዶክትሬት የያዘ ሰው ግን የሠራው ሥራ አለ፤ የሚነበብ ነገር አለው። መስፈርቱ ከረዳት ምሩቅ ቅጥር ተወስዶ ሳይታሰብበት ረዳት ፕሮፌሰርነት ላይ የተለጠፈ ይመስለኛል። ‹‹ሦስቱም ዲግሪ በአንድ የትምህርት መስክ›› የሚለውም እንደዚያው ነው። ኬሚስትሪ ተምሮ በአካባቢ ሳይንስ ዶክትሬቱን የሠራ ጓደኛዬ በሁለቱም ትምህርት ክፍሎች ‹‹ተዛማጅ አይደለም›› ተብሏል።

አንድ ቦታ እስከ መጨረሻው ደርሼ ነበር። 20 ደቂቃ ዴሞ አስተማርኩ፤ አምስት ሰዎች ተቀምጠው ሰሙኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ‹‹እንደውልልዎታለን›› አሉኝ። ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። በየሳምንቱ ደወልኩ፤ ‹‹ኮሚቴው አልተሰበሰበም››፣ ‹‹ቃለ ጉባኤው አልጸደቀም››። በአራተኛው ወር ያው የሥራ መደብ በድጋሚ ማስታወቂያ ወጣበት። አልተመረጥሽም የሚል አንድ መስመር ቢደርሰኝ ኖሮ ምን ማስተካከል እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ደጅ ጥናት እኮ የሚከብደው እንቢ ስለተባለ ሳይሆን ምንም ስለማይባል ነው።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዷ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ አጠገቧ ነበርኩ። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ በስልኳ። ከ40 በላይ ያሉትን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እያየች ምርጫዋን በቅደም ተከተል ሞላች። ከሳምንታት በኋላ ምደባዋን በዚያው ስልክ አየች። አንድም ኮፒ አላነሳችም፤ አንድም አውቶቡስ አልተሳፈረችም። ለእሷ ደስ አለኝ። ግን አሰብኩት። ይህን ያህል ተማሪ በኢንተርኔት መመደብ የሚችል አገር፣ አስተማሪዋ ለመሆን የሚያመለክቱትን ጥቂት ሰዎች ማመልከቻ በኢሜይል መቀበል እንዴት ያቅተዋል? መንገዱ ሰላም ባልሆነበት አካባቢ ያለ ሰው፣ የምታጠባ እናት፣ ውጭ አገር ሆኖ ጥናቱን እያገባደደ ያለ ሰው፣ በ10 ቀን ውስጥ በአካል እንዴት ይቀርባል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማመልከቻው በኢሜይል ይላክ፤ ዋናው ማስረጃ የተመረጠው ሰው ሲቀጠር ይመሳከር፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ያኔም ይያዛል። ለረዳት ፕሮፌሰርነት የመጀመሪያ ዲግሪ ነጥብ ይቅርና ትምህርት ክፍሉ መመረቂያ ጽሑፉን ያንብብ። ላልተመረጠውም አጭር መልስ ይድረሰው። አዲስ በጀት የሚጠይቅ ነገር የለበትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም ይከተላሉ እየተባለ ነው። ቅጥር በእጃቸው ሲገባ የድሮውን ቅጽ ይዘው እንዳይገቡ ነው ስጋቴ።

በመጨረሻም በዩኒቨርሲቲዎች የአካዳሚክ ጉዳዮች ወይም የሰው ሀብት ኃላፊዎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። አንድ ሰው ዶክትሬት ከያዘ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪው ነጥብ ምን እንደሚለካ በዚሁ ገጽ ቢያስረዱን። እኔም ጓደኞቼም እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የባዮሎጂ መምህርት፣ ከአዳማ